ከመርካቶ እስከ ድሬዳዋ፦ አውቶቡስ፣ ባቡር ወይስ አውሮፕላን?

ለአዲስ ከተማ ነዋሪ «የሩቅ ጉዞ» የሚለው ሐሳብ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ከአንድ ቦታ ጋር ተቆራኝቶ ኖሯል፤ ከአውቶቡስ ተራ ጋር። በመርካቶ ጎን የሚገኘው ይህ መናኸሪያ ገና ጎሕ ሳይቀድ በረዳቶች ጥሪ ይነቃል። ሻንጣና ጆንያ ወደ አውቶቡስ ጣሪያ ይወጣል፤ ገመድ ይጠብቃል፤ ሾፌሩ ሞተሩን ያሞቃል። ከመርካቶ ነጋዴዎች መካከል ብዙዎቹ የሚመላለሱባት ድሬዳዋም በዚህ ጥሪ ውስጥ ከማይቀሩት ስሞች አንዷ ነበረች።

ዛሬ ግን ወደ ድሬዳዋ የሚያስብ መንገደኛ በአውቶቡስ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባቡር አለ፤ አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጅ በረራም አለ። በዚህም ምክንያት «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱና በየሱቁ ይነሣል። አንዱ «አውሮፕላን ፈጣን ነው» ይላል፤ ሌላው «ባቡር አይሻልም?» ይላል፤ ሦስተኛው «አውቶቡስ ርካሽ ነው» ብሎ ይከራከራል። ሦስቱም እውነት አላቸው፤ ሦስቱም ግን ያልተናገሩት ነገር አለ። ፈጣን ስንል ከየት እስከ የት ለክተን ነው? ርካሽ ስንል ለማን? አደጋው አነስተኛ ነው ስንልስ ቁጥሩን ለምን አካፍለነው ነው?

ማንኛውም ንጽጽር በውስጡ ክፍልፋይ አለው። ከላይ ያለውን ቁጥር ሁሉም ያያል፤ ከታች ያለውን አካፋይ ግን ብዙዎቻችን እንዘነጋዋለን። በዚህ ጽሑፍ የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን ጉዞ ምሳሌ አድርገን፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከምንማረው ፊዚክስ ብዙም ሳንርቅ፣ ሦስቱን አማራጮች በትክክለኛው አካፋይ ለመመዘን እንሞክራለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ተራራውና ሐዲዱ

ስለ ሦስቱ አማራጮች ከመናገራችን በፊት የመልክዓ ምድሩን አቀማመጥ እንመልከት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው በአዳማ በኩል ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርድና መተሐራንና አዋሽን ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ድሬዳዋ ደግሞ በ1,200 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ስለዚህ ከአዋሽ በኋላ የቀረው የከፍታ ልዩነት እጅግ ትንሽ ነው ማለት ነው።

ነገር ግን ለረጅም ዘመን ያገለገለው የመኪና መንገድ በቀጥታ ወደ ድሬዳዋ አይሄድም። ከሚኤሶ በኋላ ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣል፤ በአሰበ ተፈሪ (ጭሮ)፣ በሂርናና ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነችው በቁልቢ በኩል አልፎ ከደንገጎ ጀምሮ በጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። ባቡሩ ግን ተራራውን በስተቀኙ ትቶ በቆላው ጠርዝ ይሄዳል። አውቶቡሱ ከሸለቆው ወጥቶ ተራራ ይወጣና ተመልሶ ይወርዳል፤ ባቡሩ ይህን ዳገት ከነጭራሹ አይነካውም።

ለመሆኑ ባቡር ተራራን ለምን ይሸሻል? መልሱ በብረትና በብረት መካከል ባለው ፍትጊያ ላይ ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ተቃውሞ በጣም አነስተኛ ነው፤ ከክብደቱ ከአንድ ሺህ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ነው። የአውቶቡስ ላስቲክ ጎማ በአስፋልት ላይ የሚገጥመው ተቃውሞ ግን ከክብደቱ ከአንድ ሺህ ከስድስት እስከ አሥር እጅ ያህል ይደርሳል። ባቡርን ቆጣቢ የሚያደርገው ይህ ልስላሴ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ልስላሴ ዋጋ ያስከፍላል፤ ለመንከባለል የቀለለው ጎማ መሬቱን ጨብጦ ለመውጣትም ይቸገራል። የደረቀ ሐዲድ የሚሰጠው የመጨበጥ አቅም ከጎማው ጭነት ሩብ ያህል ሲሆን፣ ላስቲክ በደረቅ አስፋልት ላይ የሚያገኘው ከዚያ በሁለትና በሦስት እጥፍ ይበልጣል።

ይህን በቁጥር እንመልከት። አንድ 100 ቶን የሚመዝን የባቡር ሞተር ራሱን ጨምሮ በጠቅላላው 1,000 ቶን የሆነ ባቡር ይጎትታል እንበል። ዳገቱ በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ከፍ የሚል ቢሆን፣ የመሬት ስበት ባቡሩን ወደ ኋላ የሚስብበት ኃይል የ50 ቶን ክብደት ያህል ይሆናል። የሞተሩ ጎማዎች ሐዲዱን መጨበጥ የሚችሉት ግን በ25 ቶን ክብደት መጠን ብቻ ነው። ሞተሩ የፈለገውን ያህል ጉልበት ቢኖረው ጎማዎቹ በቦታቸው ይሽከረከራሉ እንጂ ባቡሩ ንቅንቅ አይልም። ዳገቱ በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር ከሆነ ግን የሚያስፈልገው 20 ቶን ስለሆነ ይወጣል። የባቡር መሐንዲሶች ዳገትን እንደ ጠላት የሚያዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ድሬዳዋ የተቆረቆረችውም በዚሁ ሕግ የተነሣ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ መድረሻ ሐረር እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሥራው በ1897 ከጂቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራሮች ግርጌ ሲጠጋ ግን ዳገቱን መውጣት የሚያስከትለው ወጪ ከባድ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ መስመሩ በሜዳው እንዲያልፍ ተወሰነ። ሐዲዱ በ1902 በደረሰበት ሜዳ ላይ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለች፣ ኋላም በድሬዳዋነት የታወቀች ከተማ ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በዚያን ዘመን ከጂቡቲ ለሚነሣ መንገደኛ ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ ተሳፋሪው በድሬዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር። ከዚያ በፊት በቅሎና ግመል ሳምንታት ይወስዱ እንደነበር ስናስታውስ፣ ሦስት ቀን በጊዜው ተአምር ነበር ማለት ይቻላል።

ያ የአንድ ሜትር ስፋት ያለው አሮጌ ሐዲድ እየደከመ ሄዶ በ2000ዎቹ መጨረሻ ላይ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል መሥራት አቆመ። የእርሱን ቦታ የያዘው፣ በሐዲዶቹ መካከል 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የአዲስ አበባ–ጂቡቲ መስመር፣ በጥቅምት 2016 ተመርቆ በጥር 2018 መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ይህ መስመር ባቡሮቹን የሚነዳው 25,000 ቮልት በሆነ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው።

ጊዜ፦ ከደጅ እስከ ደጅ

አሁን ወደ ጊዜ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በመኪና መንገድ ወደ 515 ኪሎ ሜትር፣ በባቡር ወደ 450 ኪሎ ሜትር፣ በአየር ላይ በቀጥታ ሲለካ ደግሞ 343 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመቀመጫ ላይ የሚጠፋው ጊዜ በአውቶቡስ አሥር ሰዓት፣ በባቡር ሰባት ሰዓት፣ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው ብለን እንያዝ። በዚህ ስሌት አውሮፕላኑ ከአውቶቡሱ አሥር ጊዜ ይፈጥናል።

ነገር ግን መንገደኛው የሚኖረው በቦሌ ማኮብኮቢያ ላይ አይደለም፤ በመርካቶ ነው እንጂ። ስለዚህ ሰዓቱን መቁጠር የሚገባን ከቤቱ ደጃፍ ጀምሮ ነው። እስቲ ለመርካቶ ሰው መጠነኛ ግምት እንስጥ።

በአውቶቡስ፦ መናኸሪያ ለመድረስና ለመጠበቅ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፣ ለጉዞ ምሳን ጨምሮ 10 ሰዓት፣ ከመናኸሪያ ወደ ማረፊያ 15 ደቂቃ። ድምር 11 ሰዓት ተኩል።

በባቡር፦ ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ጫፍ እስከሚገኘው ፉሪ ለቡ ጣቢያ 1 ሰዓት፣ ለፍተሻና ለመጠበቅ 1 ሰዓት፣ ለጉዞ 7 ሰዓት፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለው የድሬዳዋ ጣቢያ ወደ መሐል ከተማ ግማሽ ሰዓት። ድምር 9 ሰዓት ተኩል።

በአውሮፕላን፦ እስከ ቦሌ 1 ሰዓት፣ ለፍተሻና ለመጠበቅ 2 ሰዓት፣ ለበረራ 1 ሰዓት፣ ለሻንጣና ወደ ከተማ ለመግባት ግማሽ ሰዓት። ድምር 4 ሰዓት ተኩል።

ውጤቱን ልብ እንበል። በመቀመጫ ላይ አሥር እጥፍ የነበረው ልዩነት ከደጅ እስከ ደጅ ሲለካ ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ወረደ። 343ቱን ኪሎ ሜትር ለጠቅላላው ጊዜ ስናካፍል፣ አውቶቡሱ በሰዓት 30፣ ባቡሩ 36፣ አውሮፕላኑ ደግሞ 76 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆናሉ። በሰማይ ላይ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚበረው አውሮፕላን፣ በመንገደኛው ሕይወት ውስጥ ግን የአንድ መካከለኛ መኪና ፍጥነት አለው።

ከዚህ የምንማረው አንድ ጠቃሚ ሕግ አለ፤ የጉዞን አማካይ ፍጥነት ይበልጥ የሚወስነው በጣም ቀርፋፋው ክፍል ነው። ነገ ፍጥነቱ እጥፍ የሆነ አውሮፕላን ቢመጣ የሚቆጥብልን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፤ ይህም ከጠቅላላው ጊዜ 11 በመቶ ያህል ነው። ወደ ቦሌ የምንሄድበትንና በዚያ የምንጠብቅበትን ጊዜ በግማሽ ብንቀንስ ግን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማለትም ከጠቅላላው ጊዜ አንድ ሦስተኛውን እናተርፋለን። ለባቡሩም እንዲሁ ነው። በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በአውቶቡስ ተራ አጠገብ የሚያልፍ መስመር ቢኖረውም፣ ሁለቱ ሐዲዶች ሲሠሩ ቀላል ባቡሩ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ጋር በቀጥታ አልተገናኘም። በዚህም ምክንያት መንገደኛው በመካከል ታክሲ ይፈልጋል። የሁለት ከተሞችን ጉዞ ለማሳጠር አንዳንድ ጊዜ ሥራው መጀመር ያለበት በከተማው ውስጥ ነው።

ሌላም የሚረሳ ጊዜ አለ፤ የምልልስ ብዛት። አንድ ባቡር በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሣ ቢሆን፣ ጉዞ በድንገት የገጠመው ሰው በአማካይ 24 ሰዓት ይጠብቃል። ለሠርግ ወይም ለዕረፍት የሚሄድ ሰው ቀኑን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ይህ ብዙም አይጎዳውም፤ ቤተሰብ የታመመበት ተማሪ ግን ጎሕ ሲቀድ የሚነሣውን አውቶቡስ ቢመርጥ ትክክል ነው። የባቡር መርሐ ግብር ስለሚለዋወጥ ከመነሣት በፊት ማጣራት ይገባል። መናኸሪያዎችም በላምበረት፣ በቃሊቲና በሌሎች የከተማው ዳርቻዎች ስለተስፋፉ፣ የአንድ አውቶቡስ መነሻ የግድ አውቶቡስ ተራ ነው ብሎ ማሰብ ያሳስታል።

ኢነርጂ፦ ለአንድ ተሳፋሪ ሲካፈል

በኢነርጂ በኩልስ? እዚህ ላይ አካፋዩ ተሳፋሪው ነው። ግምቶቻችንን በግልጽ እናስቀምጥ፤ አንባቢ ቢሻው በሌላ ቁጥር ሊተካቸው ይችላል።

አንድ ትልቅ አውቶቡስ በ100 ኪሎ ሜትር 35 ሊትር ናፍጣ ቢጠጣ፣ ለ515 ኪሎ ሜትር 180 ሊትር ያህል ያስፈልገዋል። 45 ሰው ቢጭን ለአንድ ሰው 4 ሊትር ይደርሳል። አንድ ሊትር ናፍጣ ወደ 36 ሜጋ ጁል ኢነርጂ ስላለው ለአንድ ተሳፋሪ 144 ሜጋ ጁል ይሆናል።

አንድ ባለ 70 መቀመጫ አውሮፕላን ለዚህ በረራ አንድ ቶን ነዳጅ ቢፈልግ ለአንድ መቀመጫ ከ14 ኪሎ ግራም በላይ ይደርሳል። አንድ ኪሎ ግራም የአውሮፕላን ነዳጅ 43 ሜጋ ጁል ገደማ ስላለው፣ ለአንድ ሰው ከ600 ሜጋ ጁል በላይ ይሆናል፤ የአውቶቡሱን አራት እጥፍ ማለት ነው። ቦሌ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኑም ለአውሮፕላን ቀላል አይደለም። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ስስ ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ ለመነሣት በመሬት ላይ በ12 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ማግኘት አለበት። የቦሌ ማኮብኮቢያዎች ወደ 3,800 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት እንዲኖራቸው ካስፈለገባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ባቡሩ በየኪሎ ሜትሩ 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጅና 500 ሰው ቢጭን፣ ለ450 ኪሎ ሜትር ለአንድ ተሳፋሪ የሚደርሰው 13.5 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ማለትም 49 ሜጋ ጁል ያህል ነው። ከሦስቱ ትንሹ ይህ ነው። በተጨማሪም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ኃይል የሚመነጭ ስለሆነ፣ ባቡሩ የሚለቀው ጭስ በጉዞው ላይ የለም፤ በማመንጫውም እጅግ አነስተኛ ነው። የአውቶቡሱ ተሳፋሪ ድርሻ ግን ወደ 11 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የአውሮፕላኑ ደግሞ ወደ 45 ኪሎ ግራም ይሆናል።

ይሁን እንጂ እዚህም ላይ ወጥመድ አለ። ያው ባቡር 50 ሰው ብቻ ይዞ ቢሄድስ? ባቡሩ የሚበላው ኤሌክትሪክ ብዙም አይቀንስም፤ አካፋዩ ግን በአሥር እጅ ያንሳል። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ወደ 490 ሜጋ ጁል ይወጣል፤ ይህም ከሞላ አውቶቡስ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ባዶ ባቡር ቆጣቢ አይደለም። ስለዚህ «ባቡር ኢነርጂ ይቆጥባል» የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ባቡሩ ሲሞላ ነው። ባቡሩን የሚሞላው ደግሞ ወደ ጣቢያው መድረስ ሲቀልና ምልልሱ ሲበዛ ነው። የጊዜው ጥያቄና የኢነርጂው ጥያቄ እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

ደኅንነት፦ የከፍታ ዕዳና የፍጥነት ካሬ

አውቶቡሱ ወደ ወጣበት ተራራ እንመለስ። 15 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ 1,000 ሜትር ከፍ ሲል 147 ሜጋ ጁል ኢነርጂ ያጠራቅማል። ይህን የሚከፍለው ናፍጣው ነው፤ ሞተሩ ከነዳጁ ኢነርጂ 35 በመቶውን ወደ ሥራ ቢለውጥ፣ ለዳገቱ ብቻ ወደ 12 ሊትር ያስፈልጋል። ከደንገጎ በኋላ ግን ያ የተጠራቀመ ኢነርጂ መመለስ አለበት። የት ይሄዳል? ሾፌሩ በፍሬን ብቻ ቢወርድ ሁሉም ሙቀት ሆኖ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። 147 ሜጋ ጁል 440 ሊትር ያህል ውኃን ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እስከ መፍላት ለማድረስ የሚበቃ ሙቀት ነው። ሁለት ትላልቅ በርሜል ውኃ የሚያፈላ እሳት በአንድ አውቶቡስ ጎማዎች ውስጥ ሲነድ አስቡት! ከመጠን ያለፈ የሞቀ ፍሬን የመያዝ አቅሙን ያጣል። ብልህ ሾፌር ቁልቁለቱን ሲጀምር በከባድ ማርሽ የሚወርደው፣ ሙቀቱን በከፊል ሞተሩ እንዲሸከምለት ብሎ ነው። በቁልቁለት ላይ ማርሹን አውጥቶ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል ብሎ የሚያስብ ሰው፣ ጥቂት ሳንቲም አድኖ የብዙ ሰው ሕይወት ለአደጋ ይሰጣል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባቡር በዚህ ረገድ የተለየ ዕድል አለው። የኤሌክትሪክ ሞተር በቁልቁለት ላይ እንደ ጄኔሬተር ሊሠራ ይችላል። ዘመናዊ የባቡር ሞተሮች በዚህ መንገድ ፍሬናቸውን ከማቃጠል ይልቅ ኢነርጂውን ወደ መስመሩ መመለስ ይችላሉ።

ሁለተኛው ነገር ፍጥነት ነው። የእንቅስቃሴ ኢነርጂ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት መጨመር ሩብ ያህል ብቻ ይመስላል፤ ኢነርጂው ግን በ56 በመቶ ይጨምራል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበትና መኪናው በየሰከንዱ ፍጥነቱን በሴኮንድ 5 ሜትር ቢቀንስ፣ በ80 የሚሄደው በ72 ሜትር ይቆማል፤ በ100 የሚሄደው ግን 105 ሜትር ይፈልጋል። የመጀመሪያው መኪና በቆመበት ቦታ ላይ፣ ሁለተኛው ገና በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ነው። ተሳፋሪዎች «ዶልፊን» በሚሏቸው ሚኒባሶች ሌሊት በፍጥነት መጓዝ አንድ ሁለት ሰዓት ሊያተርፍ ይችላል፤ ነገር ግን የፊት መብራት የሚያሳየው ርቀት ከመቆሚያው ርቀት ካነሰ፣ ሾፌሩ የሚነዳው በጭፍን ነው። በሀገራችን በመንገድ አደጋ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሕይወታቸውን እንደሚያጡ ስናስብ፣ ይህ የክፍል ውስጥ ስሌት ብቻ አለመሆኑ ይገባናል።

ባቡርስ? በተሳፋሪና በተጓዘው ኪሎ ሜትር ሲካፈል፣ በዓለም ዙሪያ ባቡርና መደበኛ የአየር በረራ ከመኪና ጉዞ እጅግ ያነሰ የሞት አደጋ አላቸው። ይህ ማለት ግን አደጋ የለባቸውም ማለት አይደለም። በጥር 1985 በአዋሽ አቅራቢያ አንድ የመንገደኛ ባቡር ኩርባ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል በመግባቱ ከ400 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት ከባድ አደጋዎች አንዱ ነው። በኩርባ ላይ ባቡሩን ወደ ውጭ የሚገፋው ግፊትም በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ የፍጥነት ወሰኑን ማክበር ለባቡርም የሕይወት ጉዳይ ነው። በሌላ በኩል ባቡር በቶሎ አይቆምም። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በየሰከንዱ ፍጥነቱን በሴኮንድ 0.8 ሜትር ቢቀንስ፣ ለመቆም ወደ 700 ሜትር ያስፈልገዋል። በአርብቶ አደሩ ምድር የሚያልፈው ይህ መስመር ከግመሎችና ከከብቶች ጋር የመጋጨት ችግር የገጠመው በዚህ ምክንያት ነው። ነጂው ግመሉን ቢያየውም እንኳ ጊዜው አልፎበታል።

መሬቱ ራሱ

አውቶቡሱም ባቡሩም ስምጥ ሸለቆን ማቋረጣቸው ሌላ ጣጣ ያመጣል። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1960ዎቹ መጀመሪያ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ40 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍቷል። ውኃው እየተስፋፋ ሲመጣ አውራ ጎዳናውንና አሮጌውን ሐዲድ በአፈር ሙሌት ከፍ ማድረግ አስፈልጓል። ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው እንዲነሡ ተደርጓል። መንገድ ተዘርግቶ የሚተው ነገር አይደለም፤ መሬቱ በሚንቀሳቀስበት ሀገር ያለማቋረጥ ጥበቃና ጥገና ይፈልጋል። አውሮፕላን ከዚህ ችግር ነፃ ነው፤ መሬት የሚፈልገው በሁለቱ ጫፎች ብቻ ስለሆነ።

ገንዘብ፦ የአንድ ሰዓት ዋጋ

የቲኬት ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እዚህ ላይ ቁጥር ከማስፈር ይልቅ የማስላቱን ዘዴ እናሳይ። የሁለት አማራጮችን የዋጋ ልዩነት ውሰዱ፤ ወደ ጣቢያና ከጣቢያ የሚከፈለውን የታክሲ ሒሳብ፣ የምግብና የአልጋ ወጪንም ጨምሩበት። ከዚያም ልዩነቱን በሚቆጠበው ሰዓት አካፍሉት። ለምሳሌ አውሮፕላኑ ከአውቶቡሱ በ4,200 ብር ቢበልጥና 7 ሰዓት ቢያድን፣ እያንዳንዱ የዳነ ሰዓት 600 ብር ፈጀ ማለት ነው። አሁን ጥያቄው ቀላል ይሆናል፤ የእኔ አንድ ሰዓት 600 ብር ያወጣልን? ዕቃ ለመረከብ ቀጠሮ ላለው የመርካቶ ነጋዴ ሊያወጣ ይችላል። በዕረፍት ወደ ቤተሰቡ ለሚሄድ ተማሪ ግን ላያወጣ ይችላል፤ እንዲያውም ሰባቱን የባቡር ሰዓት መጽሐፍ ካነበበበት፣ ያ ጊዜ ጨርሶ አልጠፋበትም። ጭነት ያለው ሰውም ሒሳቡ ይለያል፤ በአውሮፕላን እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ይመዘናል፤ በአውቶቡስ ጆንያው ጣሪያ ላይ ይወጣል።

ታዲያ የቱ ይሻላል?

እስካሁን ያየነውን ስናጠቃልል፣ ጊዜው ውድ የሆነበት መንገደኛ አውሮፕላንን ቢመርጥ ልክ ነው፤ ሆኖም በራሪው አሥር እጥፍ ሳይሆን ሁለት ተኩል እጥፍ ብቻ እንደሚያፈጥነው አውቆ ይክፈል። የጉዞ ቀኑን አስቀድሞ የሚያውቅ፣ ዳገትና ቁልቁለት የማይስማማው፣ ደኅንነቱንና የአየሩን ንጽሕና የሚያስቀድም መንገደኛ፣ መርሐ ግብሩ ከተመቸው ባቡርን ቢይዝ ይጠቀማል። በድንገት የሚነሣ፣ ጭነት ያለው ወይም በመንገድ ላይ ባሉ ከተሞች የሚወርድ ሰው ግን ዛሬም ከአውቶቡስ የተሻለ አያገኝም፤ በአሰበ ተፈሪ ወይም በሂርና የሚወርድ ሰው በአውሮፕላን ቢሄድ ምን ይረባዋል? ይህ ሰው ታዲያ በቀን የሚጓዝ፣ የፍጥነት ወሰኑን የሚያከብር አውቶቡስ ይምረጥ። ሾፌሩ ከመጠን በላይ ሲፈጥን ዝም ብሎ ከመቀመጥ «ቀስ በል» ማለትም የተሳፋሪ መብት ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ዘዴ ለድሬዳዋ ብቻ አይደለም። ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ ወይም መቀሌ የምትጓዙ ሁሉ ራሳችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የመንገዱን ከፍታና ዝቅታ በካርታ ላይ ተመልከቱ፤ ጊዜውን ከደጃችሁ ጀምራችሁ ቁጠሩ፤ ነዳጁን በተሳፋሪው፣ አደጋውን በተጓዘው ርቀት፣ ብሩን በዳነው ሰዓት አካፍሉ። አንድ ሰው «ይኼኛው ይፈጥናል» ወይም «ያኛው ይረክሳል» ሲላችሁም፣ ከመስማማታችሁ ወይም ከመከራከራችሁ በፊት «ለምን ሲካፈል?» ብላችሁ ጠይቁት።